ሲጠሯት የምትመጣው ነርስ

የሚንዳን መሞት የነገረችኝ ሰላም ናት። ሰላም ቤተ ክርስቲያን የምንገናኝ ልጅ ናት፤ ሚንዳ ጡረታ እስክትወጣ በሠራችበት ሆስፒታል ነርስ ናት። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደወለችልኝ።

«ጽግዬ፣ ያቺ የፊሊፒንስ ጓደኛሽ፣ ሚንዳ፣ አረፈች እኮ። ሆስፒታሉ ለሁላችንም ኢሜይል ሴንድ አድርጎልን ነው ያየሁት። አይም ሶ ሶሪ። ፎርዋርድ ላድርግልሽ?»

«አድርጊልኝ» አልኳት።

መነጽሬን ፈልጌ፣ ወንበር ስቤ አነበብኩት። ፎቶዋ አለ፤ ጸጉሯ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል። ከፎቶው ሥር፣ ፈገግታ ከፊቷ የማይለይ፣ ትሑት፣ በሥራ ዘመኗ ሁሉ አንድ ቀን እንኳን አማርራ የማታውቅ፣ ለሁሉም ይቅር ባይ ነበረች ይላል።

ቆሽቴ አረረ። አንድ ቀን አማርራ የማታውቅ? ይህን የጻፈው ሰው ሚንዳን በዓይኑ አይቷት ያውቃል? ሚንዳ ታማርር ነበር። በእንግሊዝኛ ታማርር ነበር፣ በሀገሯ ቋንቋ ታማርር ነበር፣ በወረቀት ጽፋ ቴምብር ለጥፋ ታማርር ነበር። ሰው ከሞተ በኋላ ዝምተኛ አድርጎ መቅበር ለአንዳንዶች ይመቻቸዋል መሰለኝ። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ዝም ማለት የሚያስመሰግን ከሆነ ያንን ኢሜይል በእኔ ስም ይላኩት። ንዴቴ አልበርድ ሲለኝ ነው ይህን ለመጻፍ የተቀመጥኩት።

ያወቅኳት በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ከካርቱም አትላንታ ከገባሁ ሁለት ዓመት ሆኖኝ፣ ስሙን በማልጠራው ሌላ ሆስፒታል አራተኛ ፎቅ ላይ ነርስ ኤይድ ነበርኩ። ነርስ ኤይድ ነርስ አይደለችም፤ አንሶላ ትቀይራለች፣ ገላ ታጥባለች፣ ፖፖ ታቀርባለች፣ ፖፖ ታነሳለች። ፎቃችን ዳሌያቸውና ጭናቸው የተሰበረ ሰዎች ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው የሚተኙበት ስለነበር የሚነሳው ፖፖ ብዙ ነው።

አንድ ሰኞ የክፍሉ ኃላፊ ሚስስ ሃርግሮቭ አንዲት አጭር፣ ደረቷን የነፋች ሴት ይዛ መጣች። ሙሉ ስሟ ሉዝቪሚንዳ ነው። የሀገሯን ሦስት ዋና ዋና የደሴት ክፍሎች ስም ገጣጥመው ነው አባቷ ያወጡላት። ሚስስ ሃርግሮቭ ደረቷ ላይ ያለውን ስም አነበበችና ሳቀች።

«ይሄ ረዝሟል። ሉሲ እንልሻለን።»

ሉሲማ የኛ ናት፣ አልኩ በሆዴ። ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሉሲ ብለው ሲጠሯት ዞራ አታይም። ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሆነ። ሳምንቱ ሲያልቅ ሚስስ ሃርግሮቭ ፊቷ ቀልቶ «ለምንድነው የማትመልሺው?» አለቻት።

«ሉሲ የምትባለዋን እኔም እየጠበቅኋት ነው» አለች። «ስትመጣ እነግርዎታለሁ። የኔ ስም ሚንዳ ነው፤ እሱ አይረዝምም።»

ሚንዳ ተባለች። የመጀመሪያው ማማረሯ ይሄ ነው፤ ይመዝገብልኝ።

ሚንዳ ኢሎኢሎ በሚባል ከተማ፣ ስልሳ አልጋ በሦስት ነርስ በሚታይበት የቀዶ ጥገና ክፍል ሰባት ዓመት ሠርታለች። ማኒላ ያለ ደላላ ነው ፈተና አስፈትኖ፣ ውል አስፈርሞ፣ ከሌሎች አራት ነርሶች ጋር ወደ አትላንታ የላካት። አምስቱ ቻምብሊ ቡፎርድ ሀይዌይ ዳር ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ውስጥ አብረው ይኖሩ ነበር። ቪዛዋ በሆስፒታሉ ስም ነው። ላይሰንስ ገና የላትም፤ የያዘችው ጊዜያዊ ፈቃድ ነው። ሐምሌ ውስጥ ለሁለት ቀን የሚሰጠውን የስቴት ፈተና ካለፈች ነርስ ናት። ከወደቀች፣ ወይም ሆስፒታሉ ከተዋት፣ ፈቃዱም ቪዛውም አብሮ ይሄዳል። እሷ ከሄደች ደግሞ በእሷ ደመወዝ ትምህርት ቤት የሚሄዱት አራት ታናናሾቿ ቤት ይቀመጣሉ። ይህን ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ምሳ ላይ ነገረችኝ፤ ስትነግረኝ ግን አላለቀሰችም፣ ተናደደች።

«ሰባት ዓመት ሠርቼ ዛሬ ጠዋት ምን እንዳስተማሩኝ ታውቂያለሽ? አልጋ ማንጠፍ! ያስተማረችኝ ሴት የኔን አልጋ አይታ የራሷን ደግማ እንድታነጥፍ ነበር የፈለግሁት።»

ምሳ በልተሻል ወይ ብላ የጠየቀችኝ ቀን እኔ እንደኛ ደንብ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ስቤ «እህ» አልኳት። ያነቀኝ መስሏት ጀርባዬን ደበደበችኝ። እሷ ደግሞ አዎ ለማለት ሁለት ቅንድቧን ከፍ ታደርጋለች፤ ዕቃ ለማሳየት በከንፈሯ ትጠቁማለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ያለ አንድ ቃል መነጋገር ቻልን። ሚስስ ሃርግሮቭ «ምንድነው የምትንሾካሾኩት?» ትለን ነበር፤ ምንም ድምፅ ሳናወጣ።

አሠራሯ እንደ ሌሎቹ አልነበረም። ሌላዋ ነርስ ክፍል ስትገባ መጀመሪያ የምታየው ፋይሉን ነው። ሚንዳ አንሶላውን ከሥር ገልጣ እግር ታይ ነበር፤ ጣት ትነካለች፣ ባት በመዳፏ ትመዝናለች፣ ከዚያ ነው ፊት የምታየው። ፖፖውን ሳታቀርብ በሙቅ ውሃ ታሞቀዋለች። አንድ ሽማግሌ «እውነተኛ ነርስ ጥሩልኝ፣ ያንቺ እንግሊዝኛ አይገባኝም» አላት። ከስድስት ዓመቷ ጀምራ በእንግሊዝኛ የተማረች ሴት ናት። «እሺ ጌታዬ» ብላ ወጣች፤ በር ላይ አንድ ደቂቃ ቆመች፤ ተመልሳ ገባች። «እውነተኛዋ ነርስ መጥታለች፤ ይዙሩ፣ መርፌ ልወጋዎት ነው።» ሰውዬው ዞረ። ከዚያ ቀን ወዲያ ሌላ ነርስ ስትመጣ «ትንሿ የት ሄደች?» እያለ ይነጫነጭ ነበር።

ከሁሉ የሚያስቀው ጥያቄዋ ግን ጠዋት ርክክብ ላይ የምትጠይቀው ነው። ተረኞቹ ስለ እያንዳንዱ በሽተኛ ሪፖርት አድርገው ሲጨርሱ እሷ እጇን አውጥታ «የዚህ ሰው ባንታይ ማነው?» ትላለች። ሁሉም ይስቃሉ። እሷ ግን ቀልዷን አልነበረም።

ባንታይ ምን እንደሆነ የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ። በእሷ ሀገር ሆስፒታል የገባ ሰው ብቻውን አይተኛም። ሚስቱ ወይ እህቱ፣ ካልሆነም የጎረቤት ልጅ አብሮት ይገባል፤ ምንጣፍ ይዞ ከአልጋው አጠገብ ይተኛል። ያጎርሰዋል፣ ያጥበዋል፣ ያገላብጠዋል፣ ከሁሉም በላይ ዓይኑን አይነቅልበትም። ሃያ በሽተኛ ያላት ነርስ ሃያ ባንታይ አላት። ባንታይ ሮጦ መጥቶ «ፊቱ ተለወጠብኝ» ካላት የያዘችውን ጥላ ትሮጣለች፤ ቴርሞሜትር ያላየውን ባንታይ እንደሚያይ ታውቃለች።

«አስታማሚ!» አልኳት። «እኛም አለን። እናቴ አጎቴን ሁለት ወር ነው ጥቁር አንበሳ ያስታመመችው።»

«ታዲያ እዚህ ሀገር ማነው የሚያየው?» አለችኝ በከንፈሯ ወደ ኮሪደሩ እየጠቆመች። በሩ ሁሉ ክፍት ነው፤ በየክፍሉ አንድ አንድ ሰው ጣሪያ እያየ ተኝቷል።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ሚስተር ቴት ገቡ። ባቡር ጣቢያ ሻንጣ ሲሸከሙ ኖረው ጡረታ የወጡ ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው፤ ከደረጃ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ተቀይሮላቸዋል። ሚስታቸው ሚስ ፐርል ከከተማው ደቡብ በሁለት አውቶቡስ ይመጣሉ። የጉብኝት ሰዓት እኩለ ቀን ላይ ለሁለት ሰዓት፣ አመሻሽ ላይ ለሁለት ሰዓት ነው። በመሃል ያለውን ጊዜ ሚስ ፐርል ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ እንዳስቀመጡ ምድር ቤት ሎቢ ውስጥ ይጠብቃሉ። ሚንዳ በሦስተኛው ቀን አየቻቸው።

«ይህቺ ሴትዮ ባንታይ ናት!» አለችኝ ዕቃ እንደጠፋባት ሰው ደንግጣ። «ባንታይ ምድር ቤት ቁጭ አድርገው፣ በሽተኛው ፎቅ ላይ ብቻውን!» ወርዳ እጃቸውን ይዛ አመጣቻቸው። ደንቡን ታውቀዋለች፤ ደንቡ ሞኝነት መሰላት እንጂ።

ወንበር ሰጥታ አስቀመጠቻቸውና ማስተማር ጀመረች። እኔ አንሶላ እየቀየርኩ ስለነበር አንድም ቃል አላመለጠኝም።

«ሁለቱን ባቶች ጠዋትና ከሰዓት ያስተያዩ። አንዱ ካበጠ ወይ ከሞቀ ይንገሩኝ። ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ደረቴን ካለ፣ ደወሉን ይደውሉ። ደወሉ ካልሠራ መጥተው ቀሚሴን ይያዙኝ።»

«ቤት እግሩን በዘይት የማሸው እኔ ነኝ» አሉ ሚስ ፐርል። «እዚህም ባሸው...»

ሚንዳ እጃቸውን አየር ላይ ያዘችው። «በፍጹም! እንዳያሹት። ውስጡ የረጋ ደም ካለ ተነስቶ ሳንባው ይገባል። ይዩ እንጂ አይሹ። ይድገሙልኝ።»

«አየዋለሁ፣ አላሸውም» አሉ ሚስ ፐርል፣ እንደ ተማሪ።

ይህን ሰምቻለሁ። አንሶላውን ይዤ ቆሜ ሰምቻለሁ።

የፈተናው ጊዜ ደረሰ። ሚንዳ ጥያቄዎቹን ትንንሽ ካርድ ላይ ጽፋ ኪሷ ውስጥ ትይዛለች፤ ምሳ ላይ እኔ አነብላታለሁ። መድኃኒቱን፣ ልኩን፣ የልብ ምቱን ሳልጨርስ ትመልሳለች። የምትናደደው በሌላው ነው። በሽተኛው ቢያለቅስ ነርሷ ምን ትለዋለች የሚል ጥያቄ ነበር፣ አራት ምርጫ ያለው።

«ምንም አትለውም!» ብላ ጠረጴዛውን መታች። «አጠገቡ ትቀመጣለች። እሱ ግን ምርጫው ውስጥ የለም።»

ከፈተናው በፊት ባለው ቀን ሥራ ስትጨርስ ሚስተር ቴት ክፍል ገባችና ሚስ ፐርልን «ሦስት ቀን አልኖርም፤ ዓይኔ እርስዎ ነዎት» አለቻቸው። ተረኛዋን ነርስ «ሚስስ ቴት ከጠራችሽ ሂጂላት፣ አዋቂ ናት» አለቻት። ነርሷ ማስቲካዋን እያኘከች «ሹር» አለች። እኔ ጋ ስትደርስ ብዙ አላለችም። «ጽጌ፣ መቼም አንቺ ታውቂያለሽ» ብላኝ ሄደች።

የሠራችው ስህተት ይሄ ነው። ሚስ ፐርልን ማስተማሯ አልነበረም ስህተቱ። ባንታይ ከጠራ ነርስ ትመጣለች ብላ ማመኗ ነው። በሀገሯ ይህን የሚጠራጠር የለም፤ ስለዚህ መጠራጠር አልመጣላትም።

የፈተናው ሁለተኛ ቀን፣ ከሰዓት፣ ርክክብ ላይ ነበርን። የሚስተር ቴት ደወል ጮኸ። ተረኛዋ ነርስ ከወንበሯ ሳትነሳ እጇን ዘርግታ አጠፋችው። «ያቺ ሚስትየው ናት» አለች። ሪፖርቱ ቀጠለ። እንደገና ጮኸ፤ እንደገና አጠፋችው። ለሦስተኛ ጊዜ ጮኸ። ከዚያ ሚስ ፐርል ራሳቸው ኮሪደሩ ላይ ወጡ፤ ያን ቀን ባርኔጣቸውን አላደረጉም ነበር።

«እባካችሁ፣ ትንፋሹ ፈጥኖብኛል፤ ደረቴን እያለ ነው።»

«ማዳም፣ የጉብኝት ሰዓት አይደለም። እንጨርስና እንመጣለን።»

ሚስ ፐርል አዩኝ። ንጹሕ አንሶላ ደረቴ ላይ ታቅፌ ቆሜ ነበር። እዚያ ፎቅ ላይ አስታማሚ መጥቶ ትንፋሹ ፈጠነብኝ ሲል ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሌሎቹ ባያውቁ አላወቁም፤ እኔ አውቄ ነው። ልጮህ ስችል፣ የነርሷን ክንድ ይዤ ልጎትታት ስችል፣ «ይመጣሉ» አልኳቸውና አንሶላዬን ይዤ ቀጣዩ ክፍል ገባሁ። ኤይድ ነኛ፤ ነርስን የምታዝ ኤይድ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ነው የሮጡት። የረጋው ደም ሳንባቸው ገብቶ ነበር። ሚስተር ቴት አልተረፉም።

በማግስቱ ሚስስ ሃርግሮቭ ቢሮዋ አስጠራችኝ። ጠረጴዛዋ ላይ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ተቀምጧል። አንዱን አውቀዋለሁ። ካርቱም የቀረችውን እህቴን ሙሉን ስፖንሰር ለማድረግ የሥራ ማስረጃ ደብዳቤ ያስፈልገኝ ነበር፤ ፈርሚልኝ ብዬ ከለመንኳት ሁለት ሳምንት ሆኖኛል። ሁለተኛው በእኔ ስም በታይፕ የተጻፈ ቃል ነው።

«ያየሽውን ብቻ ነው የምጠይቅሽ» አለችኝ። «ሚንዳ ሴትየዋን ከሰዓት ውጭ አስገብታለች?»

«አዎ።»

«ስለ እግሩ ስታስተምራት ሰምተሻል?»

«አዎ፣ ግን እንዳታሺው ብላ...»

«የሴትየዋን እጅ እግሩ ላይ አይተሻል?»

«ካልሲ ስታደርግለት...»

«እጇን እግሩ ላይ አይተሻል።»

«አዎ።»

«በቃ።»

«ደወሉስ?» አልኳት።

«ስለ ደወል የጠየቀሽ የለም።»

አነበብኩት። ነርስ ሚንዳ የበሽተኛውን ሚስት ያለ ፈቃድ አስገብታ እግሩን እንድትነካካ አስተምራታለች፤ ሚስትየውም እግሩን ስትነካ አይቻለሁ ይላል። እንዳታሺው የሚለው የለም፣ ካልሲው የለም፣ ሦስቱ ደወል የለም፣ ኮሪደሩ ላይ የቆሙት ሴትዮ የሉም። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር፤ ወረቀቱ ግን ከላይ እስከ ታች ውሸት ነው። ፈረምኩ። እሷም የእኔን ደብዳቤ ፈርማ ሰጠችኝ፤ «ለእህትሽ መልካም ዕድል» አለችኝ። ደብዳቤውን አጥፌ ጡቴ ሥር ሸጎጥኩት።

ሚንዳ ከፈተናው በኋላ አንድ ቀን አርፋ ሥራ ስትገባ ምንም አልሰማችም ነበር። ፈተናው ቀንቷት፣ ትልቅ ትሪ ሙሉ ፓንሲት ይዛ መጣች፤ አትክልትና ሽሪምፕ ያለበት ቀጭን ኑድል ነው፣ ደስታ ሲኖር የሚሠሩት። የሠራተኞች ማረፊያ ክፍል አስቀምጣው «ብሉ፣ መጣሁ» እንዳለች ቢሮ ተጠራች። በሩ በደንብ አልተዘጋም።

«ይቅርታ ጠይቀሽ ከፈረምሽ ይቀልልሻል» አለች ሚስስ ሃርግሮቭ። «ያለዚያ ለነርሲንግ ቦርዱ መጻፌ ነው።»

«ሰውየው ሞተ?» አለች ሚንዳ። ከዚያ ድምጿ መጣ፤ አልጮኸችም፤ ኮሪደሩ ላይ ግን ሁላችንም ሰማነው። «ላላጠፋሁት ይቅርታ አልጠይቅም። ያጠፋሁትን ልንገርሽ፤ ስትጠሩ የምትመጡ መስሎኝ ነበር። ጥፋቴ እሱ ነው። እሱን ጻፊውና እፈርማለሁ።»

በዚያው ሰዓት ተባረረች። ስትወጣ ነርሶቹ ፓንሲቱን እየበሉ ነበር። ገብታ ትሪውን ከመሃላቸው አነሳችው፤ ሹካዋን አፏ ውስጥ እንደያዘች የቀረች ነበረች። ምድር ቤት ወስዳ ወለል ለሚያጥቡት ሰዎች ሰጠችው። ቦርሳዋን ልትወስድ ስትመለስ በር ላይ አገኘችኝ።

«አንቺም ፈርመሻል?»

ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብኩ። ምን ማለት እንደሆነ ታውቀዋለች። ዓይኗን ከእኔ ላይ አንስታ ወጣች።

አታማርርም ላሉኝ ሰዎች የሚቀጥለውን ዓመት ባሳየኋቸው። በቢጫ ወረቀት ላይ በእጇ እየጻፈች፣ ለሆስፒታሉ ዳይሬክተር፣ ለቦርዱ፣ ለሀገሯ ቆንስላ ላከች። መልስ ሲዘገይ ደግማ ላከች። አብሯት ከምትኖረው ልጅ እንደሰማሁት ፈተናውን አልፋለች፣ ያውም በጥሩ ውጤት። ላይሰንሱን ግን ክሱ እስኪታይ ያዙባት። ክሱ የቆመው ደግሞ በአንድ ምስክር ፊርማ ላይ ነው። ቪዛዋ ሊቃጠል ጥቂት ሲቀረው፣ ከአትላንታ ሁለት ሰዓት ርቆ የሚገኝ፣ ማንም መሥራት የማይፈልግበት የአረጋውያን መጦሪያ ስፖንሰር አደረጋት። ከዓመት በላይ ቆይቶ ላይሰንሱ መጣ፤ ከነተግሣጹ። ከዚያ በኋላ አሁን ሰላም ወደምትሠራበት ሆስፒታል ተዛወረች፤ ላይሰንሷን ባደሰች ቁጥር ግን፣ ተቀጥተሽ ታውቂያለሽ ወይ ለሚለው ጥያቄ አዎ ብላ ምክንያቱን መጻፍ ነበረባት። ጡረታ እስክትወጣ ጽፋዋለች።

በሦስተኛው ዓመት፣ አዲሱ የቻምብሊ ባቡር ጣቢያ ከተከፈተ በኋላ፣ አንድ እሁድ ከሰዓት ደረጃው ላይ ፊት ለፊት ገጠምን። እህቴ መጥታ እኔ ጋ መኖር ጀምራለች፤ እኔም ነርስነት እየተማርኩ ነበር። ይቅርታ ለመጠየቅ ሦስት ዓመት ሙሉ የተለማመድኩትን ንግግር ጀመርኩ። ስለ ሙሉ፣ ስለ ደብዳቤው፣ ስለ ፍርሃቴ። እያለቀስኩ ነበር።

«ጨረስሽ?» አለችኝ።

«ጨረስኩ።»

«እንግዲያው ስሚኝ። ይቅር አልልሽም። እኔም ፈርቼ ነበር፤ አራት ልጆች በእኔ ደመወዝ ይማሩ ነበር፤ ግን አልፈረምኩም። ይህን ተይው። ሚስ ፐርልን ምን እንዳሏት ታውቂያለሽ? አንቺ እግሩን አሽተሽው ነው የሞተው ብለዋታል። ያንቺን ፊርማ አሳይተዋታል።»

እኔ የበደልኩት ሚንዳን ብቻ ነበር የመሰለኝ።

«ሄጄ ነገርኳት» አለች። «በየገናው እየሄድኩ እነግራታለሁ። አታምነኝም። አንቺ ደግ ነሽ፣ ልታጽናኚኝ ብለሽ ነው ትለኛለች። እኔ ያን ቀን አልነበርኩማ! አንቺ ነበርሽ።»

«መቼ ልሂድ?»

«አሁን። መኪናዬን እዚህ ፓርክ አድርጌዋለሁ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ሚንዳና እኔ ወዳጆች ሆነናል። ቤቷ በልቻለሁ፣ ቤቴ በልታለች፤ ሥራ ስጀምር የመጀመሪያውን ነጭ ጫማ የገዛችልኝ እሷ ናት። ይቅር ግን አላለችኝም። አንዳንዴ ሳህኔ ላይ እየጨመረችልኝ «አልረሳሁትም እኮ» ትለኝ ነበር፤ ውሸት አይደለም፣ አልረሳችውም። ይቅር ባይ ነበረች ብለው የጻፉት ሰዎች እኔን ቢጠይቁኝ እነግራቸው ነበር።

ያን እሁድ በመኪናዋ ወደ ከተማው ደቡብ ወሰደችኝ። ሚስ ፐርል ቤት ደጃፍ ስንደርስ ሞተሩን አጠፋችና በከንፈሯ በሩን ጠቆመችኝ። እሷ አልወረደችም።

ሚስ ፐርል ወዲያው አላወቁኝም። አንሶላ የያዝኩት ልጅ ነኝ ስላቸው አወቁኝ። አስቀመጡኝ። አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሚንዳ እንዳያሹት ስትል ሰምቻለሁ፤ እርስዎም አላሹትም፤ ያየሁት ካልሲ ሲያደርጉላቸው ነው። ሦስት ጊዜ ደውለዋል፤ ሦስቱንም ሰምቻለሁ፤ እያየሁ አጠፉት። እኔም አልመጣሁም። ፊርማው የኔ ነው።

እጃቸው ጭናቸው ላይ ነበር። ገልብጠው መዳፋቸውን አዩት፤ እንደገና ገለበጡት።

«አላሸሁትም» አሉ። ጥያቄ ይሁን አይሁን አላወቅኩም።

«አላሹትም።»

«የልጅ ልጄ ተወልዳ ሁለት ዓመቷ ነው። በዚህ እጄ አቅፌያት አላውቅም። ያቺ ትንሿ ነርስ በየዓመቱ ትመጣለች፤ አንቺ ሦስት ዓመት ሙሉ የት ነበርሽ?»

«ፈርቼ ነበር» አልኳቸው።

ሚስ ፐርል ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሳይቆጡ፣ እንዲያው ለማያውቅ ሰው እንደሚነግሩት አድርገው፣

«አልጋው ላይ እሱም ፈርቶ ነበር» አሉኝ።